የሰማችሁትን ከማውጣታችሁ በፊት፦ አንድን ዜና ከጥቆማ እስከ እርማት የማጣራት ዝርዝር መመሪያ

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው እንበል። በቴሌግራም አንድ መልእክት ይገባላችኋል። በአንድ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ተመርዞ ሦስት ሕፃናት ሞቱ ይላል። የውሃ ቦኖ ፎቶ አለው። ማህተም የተመታበት የወረዳ ደብዳቤም ተያይዟል። ላኪውን አታውቁትም። ሁለት ገጾች ቀድመዋችሁ ለጥፈውታል፤ ሼሩ እየጨመረ ነው። ጣታችሁ «ላክ» የምትለዋ ቁልፍ ላይ ነች።

ይህ መመሪያ ከዚያች ደቂቃ ይጀምራል። ምሳሌውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሥራው ግን የየዕለቱ ነው። ጋዜጣና ሬዲዮ ውስጥ ለሚሠሩ ብቻ አልጻፍኩትም። የራሱን ቻናል ከፍቶ ዜና የሚያወጣ ሰውም ያው ጋዜጠኛ ነው፤ ያው ኃላፊነት አለበት።

ስለ ኃላፊነቱ አንድ ነገር ልበልና ወደ ሥራው እንግባ። በአገራችን ከመታተሙ በፊት ጽሑፍ የሚያነብ ሳንሱር ለብዙ ዓመታት ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 አስቀረው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ታላቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ግን የሚስተው ነጥብ አለ። ሳንሱር ይፈልግ የነበረው ባለሥልጣን የሚያስከፋውን ነው፤ ሐሰቱን አልነበረም። ሐሰትን የሚያጣራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድሮም አልነበረም፣ አሁንም እንዲኖር አንፈልግም። እንዲህ ከሆነ የማጣራቱ ሥራ ማን ላይ ወደቀ? እኛው ላይ። ነፃ ነን ካልን ማጣራቱንም የምንሠራው እኛ ነን።

ካልሠራነው ምን እንደሚሆን አይተናል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በሕዝብ ተደብድበው ሞቱ። ምክንያቱ ሕፃናትን ሊጎዱ ነው የሚል ወሬ ነበር። ወሬው ሐሰት ነበር። «ሕፃናት» እና «መርዝ» የሚሉ ሁለት ቃላት አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚያስከትሉ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ለዚህ ነው የውሃውን ምሳሌ የመረጥኩት።

አንደኛ፦ ወሬውን በታትኑት

ስልካችሁን አስቀምጡና ወረቀት አንሱ። መልእክቱ አንድ ዜና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቢያንስ አምስት የተለያዩ አባባሎች አሉ። ሕፃናት ሞተዋል። ቁጥራቸው ሦስት ነው። የሞቱት በውሃው ምክንያት ነው። ውሃውን ሰው መርዞታል። ወረዳው ይህን አውቆ ደብዳቤ ጽፏል።

እያንዳንዱን በየመስመሩ ጻፉት። ከጎኑ «ይህን በእርግጠኝነት ሊያውቅ የሚችለው ማነው?» ብላችሁ መልሱን አስቀምጡ። ሞቱን ቤተሰብ ያውቃል። ምክንያቱን ሐኪም ያውቃል፤ ቤተሰብ ግን ይገምታል እንጂ አያውቅም። የውሃውን ይዘት የሚያውቀው ላቦራቶሪ ነው። አንዱ እውነት ሆኖ ሌሎቹ ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲያውም አደገኛው ወሬ ይኸው ነው፦ ሦስት እጁ እውነት፣ አንድ እጁ መርዝ።

ሁለተኛ፦ ምንጩን ተከትላችሁ ውጡ

መልእክቱን ለላከላችሁ ሰው የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከማን አገኘኸው?» ከዚያ ወደዚያኛው ሰው። ከዚያም ወደ ቀጣዩ። ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሰው ከወጣችሁ በኋላ መንገዱ ይቆማል። የቆመበት ቦታ ራሱ መረጃ ነው።

ሁለቱ ገጾች ቀድመው መለጠፋቸው ማስረጃ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ቻናል ወስደውት ሊሆን ይችላል። ከአንድ ምንጭ በሦስት እንስራ የተቀዳ ውሃ ያው አንድ ውሃ ነው። ሁለት ምንጭ አለኝ የምትሉት ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ያወቁት ሲሆን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ለጣፊ ካገኛችሁት ሌሎች ልጥፎቹን ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። ገጹ መቼ ተከፈተ? ከዚህ በፊት በሌላ ስም ነበር? ስለዚያ አካባቢ ሌላ ጊዜ ጽፎ ያውቃል? አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ኢትዮጵያ ቼክ እና ሀቅቼክ የመሳሰሉ የመረጃ አጣሪዎች ጉዳዩን ቀድመው አይተውት እንደሆነም ፈልጉ።

ሦስተኛ፦ ደብዳቤውን እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እዩት

ማህተም ሲያይ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ማህተም ግን በስልክ ተቆርጦ የሚለጠፍበት ዘመን ላይ ነን።

ከላይ ጀምሩ። የመሥሪያ ቤቱ ስም አሁን የሚጠራበት ነው ወይስ የድሮው? ቢሮና ጽሕፈት ቤት ስማቸው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ የሐሰት ደብዳቤ ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። የደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው? ቀኑ እሑድ ላይ ይውላል? የፈረመው ሰው በዚያ ቀን ሥልጣኑ ላይ ነበር? ቲተሩ ላይ ያለው ስምና የሥራ መደብ ይገጥማል? ክቡ ማህተም ፊርማውን ነክቶ ነው ያረፈው ወይስ ከላይ የተለጠፈ ይመስላል? ጽሑፉ ውስጥ ያለው አማርኛ የቢሮ አማርኛ ነው ወይስ የፌስቡክ?

አሁን ወደ ታች ውረዱና «ግልባጭ» የሚለውን አንብቡ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ቦታ ይህ ነው። ደብዳቤው እውነተኛ ከሆነ ግልባጭ የደረሳቸው ሦስት አራት ቢሮዎች አሉ። ለጻፈው ቢሮ ብትደውሉ ሊክድ ይችላል። ግልባጭ ለደረሰው ደውላችሁ «በዚህ ቁጥር ገቢ ደብዳቤ አላችሁ?» ስትሉ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ገልጦ ያያል። አለ ወይም የለም ይላችኋል። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን ከአሥር «ታማኝ ምንጭ» ይበልጣል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ደብዳቤው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ፎቶውን እንዳለ አትለጥፉት። የጠረጴዛው ጨርቅ፣ የወረቀቱ እጥፋት፣ ጥግ ላይ የሚታየው ጣት፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ምልክት፣ ሁሉም ያወጣውን ሰው ሊያሳውቁ ይችላሉ። ይዘቱን ጻፉ። ሰውየው ልጆች አሉት።

አራተኛ፦ ፎቶው የትና መቼ ተነሳ?

መጀመሪያ ፎቶው ከዚህ በፊት የት እንደወጣ በሚፈልግ መሣሪያ፣ በጎግል ሌንስ ፈልጉት። ከዚያ በያንዴክስና በቲንአይ ድገሙት፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኛል። ቪዲዮ ከሆነ ግልጽ የሆነ ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሹት አንሱና ያንን ፈልጉ። የቆየ ፎቶ አዲስ ወሬ ላይ መለጠፍ በጣም የተለመደው ማታለያ ስለሆነ አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ያበቃል።

በፍለጋ ካልተገኘ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። የሱቅ ታፔላው በምን ቋንቋና ፊደል ነው የተጻፈው? የመኪናው ታርጋ የየት ክልል ነው? ተራራው በሳተላይት ካርታ ላይ ከዚያ ቀበሌ ጋር ይገጥማል? ወቅቱስ? ትናንት ተነሳ የተባለው ፎቶ ላይ ሜዳው ክረምት ክረምት የሚል አረንጓዴ ከሆነና እናንተ መጋቢት ላይ ካላችሁ አንድ ነገር ልክ አይደለም።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ውስጡ የነበረው የቀንና የቦታ መረጃ ይጠፋበታል። ያነሳውን ሰው ካገኛችሁት «እንደ ፋይል አድርገህ ላክልኝ» በሉት። ከዚያው ቦታ ከፊቱና ከኋላው ያነሳቸውን ሌሎች ፎቶዎችም ጠይቁ። እውነተኛ አንሺ አንድ ብቻ አያነሳም።

አምስተኛ፦ ሰው አነጋግሩ

እስካሁን ያለው የጠረጴዛ ሥራ ነበር። ዜናው የሚገኘው ግን ሰው ጋር ነው። መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ። ካልቻላችሁ በዚያ ቀበሌ የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ ደውሉ።

ለሞት ጉዳይ የምነግራችሁ አንድ ቦታ አለ፦ እድር። የወረዳው ኮሙኒኬሽን ስልኩን ላያነሳ ይችላል። ጤና ጣቢያው ከበላይ ካልታዘዝኩ አልናገርም ሊል ይችላል። እድሩ ግን ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደተቀበረ፣ የት እንደተቀበረ ያውቃል። የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ወይም የመስጊዱ ኢማምም ያውቃሉ። ሦስት ሕፃን ተቀብሮ እድሩ ካልሰማ፣ ወሬውን መጠራጠር ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው።

ምስክር ስታነጋግሩ አንዷን ጥያቄ አትርሷት። በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ጠይቋት።

«እናቴ፣ አዝናለሁ፤ እግዜር ያጽናዎት። ይህን የነገሩኝን በዓይንዎ አይተው ነው ወይስ ሰው ነግሮዎት?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔስ አላየሁም። የጎረቤቴ ልጅ ነው የሞተው። ሌሎቹን ሲያወሩ ሰማሁ።»

እዩት እንግዲህ። ሦስቱ ሞት አንድ ሆነ። ሴትየዋ አልዋሹም። ያዩትንና የሰሙትን አንድ ላይ ነገሩን፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንናገረው። መለየት የጠያቂው ሥራ ነው።

ቃሉ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከተሰጠና የምትሰሙት በአስተርጓሚ ከሆነ፣ ድምፁን ቅዱ። በኋላ ለሌላ ሰው አሰሙት። «ውሃው በሽታ አመጣ» የሚለው በአስተርጓሚው አፍ «ውሃውን መረዙት» ሊሆን ይችላል። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ጥፋቱ ግን ያው ነው።

ስሜ አይጠቀስ የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። በኛ አገር ሁኔታ ብዙ ጊዜ በቂ ምክንያት አለው፤ እሺ በሉት። ነገር ግን አንባቢ ባያውቀውም አዘጋጃችሁ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካው ጋዜጣ ዋሽንግተን ፖስት ሄሮይን ስለሚወጋ የስምንት ዓመት ልጅ ታሪክ አወጣ። ጸሐፊዋ ጃኔት ኩክ በቀጣዩ ዓመት ፑሊትዘር የሚባለውን ታላቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመች። ልጁ ግን አልነበረም፤ ፈጠራ ነበር። ሽልማቱ ተመለሰ። አለቆቿ የልጁን ማንነት አሳዪን ብለው አልጠየቋትም ነበር። ታላቅ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ይህ ከሆነ እኛ ቤት እንዴት አይሆንም?

ስለ አበልም ልናገር። ወደ ቦታው የወሰዳችሁ የወረዳው መኪና ከሆነ፣ አበሉንም የከፈለው እሱ ከሆነ፣ ስለ ወረዳው የምትጽፉት ዜና ላይ ጥላ ያርፍበታል። በራሳችሁ ሂዱ። ምርጫ ካጣችሁ ለአንባቢ ተናገሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ስድስተኛ፦ ስም፣ ቀን፣ ቁጥር

በዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። እኔ ራሴ የወደቅሁበት ነውና።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በአንድ የመኪና አደጋ የሞቱ ሰዎችን ስም አወጣሁ። ዝርዝሩን የሰጠኝ ሰው በቦታው የነበረ ነው። ስም ከነአባት ጻፍኩ። ከሟቾቹ የአንዱ ስምና የአባት ስም በዚያው ሰፈር ከሚኖር ሌላ ሰው ጋር አንድ ነበር። የሕያው ሰው እናት ዜናውን ሰምተው ጎረቤት ሳያስቆማቸው ደረታቸውን እየደቁ ወጡ። ልጃቸው ማታ ከሥራ ገባ። እርማት አወጣን፤ ቤታቸው ሄጄም ይቅርታ ጠየቅሁ። እኚያ እናት ያለፉባቸውን ሰዓቶች ግን ማንም አይመልስላቸውም። ከዚያ ወዲህ ያለ አያት ስም፣ ያለ ዕድሜና ያለ ሰፈር የሟች ስም አላወጣም። ቤተሰቡ መርዶ መስማቱን ሳላረጋግጥም አላወጣም።

የስም ፊደልም ቀላል ነገር አይደለም። ኃይሉ በየትኛው «ሀ»፣ ፀሐይ በየትኛው «ፀ» እንደሚጻፍ ባለቤቱን ጠይቁ። ስሙን አስተካክሎ ያልጻፈለትን ጋዜጠኛ ሌላውን አስተካክሎ ጽፏል ብሎ የሚያምን ሰው የለም።

ሰዓትና ዘመን ደግሞ ለእኛ ብቻ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎችን ይዞ ከቦሌ ከተነሳ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የውጭ ዜና ምንጮች የተነሳበትን ሰዓት 8፡38 ብለው ጻፉ። በእኛ ከጠዋቱ 2፡38 ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ያስገባ ሰው አደጋውን ወደ ከሰዓት በኋላ ወሰደው ማለት ነው። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ። «በ2016» ስትሉ በማን አቆጣጠር? ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። «ዘንድሮ» የሚል የመንግሥት ሪፖርት ደግሞ የበጀት ዓመቱን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትሉ ዓመት አትጻፉ።

ቁጥር ሲሰጣችሁ ከምን ላይ እንደሆነ ጠይቁ። «በሽታው በእጥፍ ጨመረ» ከሁለት ወደ አራት ነው ወይስ ከሁለት መቶ ወደ አራት መቶ? «ዘጠና በመቶ ተጠናቀቀ» የሚለው ምን ተለክቶ ነው? ሚሊዮንና ቢሊዮን ላይ ሦስት ጊዜ ዜሮ ቁጠሩ።

ሰባተኛ፦ የሚነካውን ወገን ስሙት

በድሮው የአገራችን ሙግት በላ ልበልሃ ነበር። ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ሕዝብ ቆሞ ይሰማል። ወጉ ዳኛ አንዱን ብቻ ሰምቶ እንዳይፈርድ ነበር። ዜናም ከዚህ አይለይም።

«ምላሽ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የምትለዋን አባባል ሁላችንም እናውቃታለን። ብዙ ጊዜ ትርጉሟ ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጊዜ ደውለን ነበር ነው። ይህ ጥረት አይባልም። ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደውሉ። ካላነሱ ቴክስት ላኩ፤ የምትጠይቁትን ሳትሸፍኑ ጻፉ። ቢሮ ሂዱ። ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ስጡ፤ ጉዳዩ ካልቸኮለ አንድ ቀን። ከዚያ ያደረጋችሁትን እንዳለ ለአንባቢ ንገሩ፦ «ማክሰኞና ረቡዕ አራት ጊዜ ደውለናል፣ ጥያቄውንም በጽሑፍ ልከናል።» ይህ አንባቢን ማክበር ነው።

ሰነድ ከፈለጋችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን መብት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስም ያስገድዳል። ከከለከሏችሁ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ለዛሬ ማታው ዜና አይደርስም፤ ለሚቀጥለው ወር ምርመራ ግን ይደርሳል። የሚጠይቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሲመልሱላችሁ ደግሞ ለመልሱ ዋጋ ስጡት። መጨረሻ አንቀጽ ላይ አትቅበሩት። መልሳቸው ታሪኩን ከቀየረው፣ ታሪኩ ይቀየር።

ስምንተኛ፦ «ተብሏል»ን አውጡት

አማርኛችን ለጋዜጠኛ የሚመች አንድ መደበቂያ አለው። «ተብሏል»፣ «ተገልጿል»፣ «ተሰምቷል»፣ «ታውቋል»። ማን አለ? ማን ገለጸ? ማን ሰማ? ማን አወቀ? ግሡ ባለቤቱን ይውጠዋል። ዜናው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ «ተብሏል» እንጂ «ብያለሁ» አላልንማ።

ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከላይ እስከ ታች ሂዱና «ተ» ብሎ የሚጀምር የንግግር ግሥ ባገኛችሁ ቁጥር ባለቤት ፈልጉለት። «ውሃው መበከሉ ታውቋል» የሚለው «የጤና ጣቢያው ኃላፊ ውሃው ሳይበከል እንዳልቀረ ነገሩን፤ የላቦራቶሪ ውጤት ግን ገና አልደረሰም» ይሁን። ረዘመ። ይርዘም። ባለቤት ካጣችሁለት ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ።

የንግግር ግሥም ይመዝናል። «ገለጹ» ስትሉ የተናገሩት እውነት እንደሆነ ትመሰክራላችሁ። «አጋለጡ» ስትሉ ይብሳል። «አመኑ» ስትሉ ጥፋተኛ አደረጋችሁ። «አሉ» እና «ተናገሩ» ለሁሉም እኩል ናቸው፤ እነሱን ተጠቀሙ።

አሁን ደግሞ ወደ ምሳሌያችን ዋና ቃል እንምጣ። «ተመረዘ» እና «ተበከለ» አንድ አይደሉም። ተበከለ ስንል ቧንቧ ፈንድቶ ፍሳሽ ገባበት ሊሆን ይችላል። ተመረዘ ስንል ግን ሰሚው ወዲያው «ማን መረዘው?» ይላል። ውሃ ደግሞ የሁሉም ነው፤ ጣት የሚቀሰርበት ጎረቤት አይጠፋም። ከሌላ ቦታ የመጣው፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገረው፣ ሌላ ሃይማኖት ያለው። አንድ ግሥ መንደር ያቃጥላል ስል እያጋነንኩ አይደለም። ላቦራቶሪው መርዝ ነው እስኪል፣ ፖሊስም ሰው አድርጎታል የሚል ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ ያ ቃል ከናንተ አይውጣ።

በተጠርጣሪ ላይም እንዲሁ። የተያዘ ሰው «ተጠርጣሪ» ነው፤ ፍርድ ቤት እስኪፈርድበት «ወንጀለኛ» አይባልም። ብሔሩን የምትጠቅሱት ለታሪኩ የግድ ካስፈለገ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ዘጠነኛ፦ ርእሱ ከውስጡ አይብለጥ

ብዙ ሰው የሚያነበው ርእሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ርእሱ ለብቻው ቢቆም እውነት መሆን አለበት። «ውሃው ተመርዟል?» ብሎ በጥያቄ ምልክት ማምለጥ አይቻልም፤ ሰው የሚያስታውሰው መርዙን እንጂ ምልክቱን አይደለም። የዩቲዩቡ ሽፋን ላይ የሚያለቅስ የሌላ ሕፃን ፎቶ መለጠፍም ውሸት ነው። ባትናገሩትም ውሸት ነው።

አሥረኛ፦ የምታውቁትን ብቻ አውጡ

ማጣራት ማለት ሁሉም እስኪታወቅ ዝም ማለት አይደለም። ውሃው እውነት ከተበከለ ዛሬ ማታ የሚጠጣ ሕፃን አለ። ዝምታም ይገድላል። እዚህ ላይ ነው የአዘጋጅ ሥራ የሚከብደው።

መፍትሔው በታተንናቸው አምስት አባባሎች ላይ መመለስ ነው። በምሳሌያችን እንበልና አንዱ ሞት በቤተሰብና በእድሩ ተረጋገጠ። ጤና ጣቢያው ተቅማጥና ትውከት ያለባቸው ሰዎች እየመጡ ነው አለ። ወረዳው ቦኖውን ዘግቷል። ደብዳቤው አልተረጋገጠም። ፎቶው ከሌላ አገር የተወሰደ የቆየ ፎቶ ሆነ። እንግዲያው የሚወጣው ዜና ይህ ነው፦ «በዚህ ቀበሌ አንድ ሕፃን ሞተ፤ ወረዳው የውሃ ቦኖ ዘጋ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነዋሪዎች ውሃ አፍልተው እንዲጠጡ መክረዋል። የሞቱ ምክንያት ገና አልተረጋገጠም። ሦስት ሕፃናት ሞቱ በሚል ከሚሰራጨው መልእክት ጋር የተያያዘው ፎቶ የዚህ አካባቢ አይደለም።»

ይህ ዜና ከወሬው ያንሳል? እኔ ይበልጣል ባይ ነኝ። እናት ዛሬ ማታ ውሃ ታፈላለች፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን አይጠረጥርም። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይሆናል። ሰበር ዜና ብለው ቀድመው የለጠፉት ቪው አግኝተዋል፤ ያግኙ።

አሥራ አንደኛ፦ ስትሳሳቱ

ትሳሳታላችሁ። ሁሉን አጣርቶ የሚሳሳት አለ፤ የማይሳሳት ግን የለም። በኛ ባህል ያለው ችግር «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ነው። ስህተቱን ከማመን ይልቅ ልጥፉን ድምፅ ሳያሰሙ ማጥፋት ይቀናናል። ማጥፋት ግን አያርምም። ስክሪንሹቱ ሰው እጅ ነው፤ ያነበበውም ሰው ያንኑ እያመነ ነው።

እርማት እንዲህ ይጻፋል። ምን ብለን ነበር፣ ትክክለኛው ምንድን ነው፣ ለምን ተሳሳትን፣ ይቅርታ። አራት አጭር ዓረፍተ ነገር። የፊት ገጽ ላይ የተሳሳተ የፊት ገጽ ላይ ያርም፤ በምሽት 2 ሰዓት ዜና የተሳሳተ በዚያው ሰዓት ያርም። በቴሌግራም ከሆነ የድሮውን መልእክት ኤዲት ማድረግ አይበቃም። ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ያስተላለፈው ቅጂ አብሮ አይታረምም፤ ኤዲቱም ለማንም ደወል አያሰማም። አዲስ መልእክት ላኩ፤ «እርማት» ብላችሁ ጀምሩ፤ የድሮውን ያስተላለፋችሁ ይህንንም አስተላልፉልን በሉ።

የተነካ ሰው መልስ ልስጥ ካለም ቦታ ስጡት። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚያውቀው መብት ነው።

ማስታወሻችሁ

የመጨረሻው ሥራ ከወጣ በኋላም ይቀጥላል። ማንን በስንት ሰዓት አነጋገራችሁ፣ ምን አለ፣ ማን ስልክ ዘጋ፣ የትኛውን ፎቶ በምን ፈለጋችሁት፣ ይህን ሁሉ በቀን በቀን ጻፉት፤ ስክሪንሹቱንና ድምፁን አስቀምጡ።

ምክንያቱ ለአንባቢ ብቻ አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ፣ በብሮድካስት ወይም በኅትመት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ይላል። አዋጁን ብዙዎች ይተቹታል፤ እኔም ስጋታቸውን እጋራለሁ። በሥራቸው ምክንያት የታሰሩ ባልደረቦችን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እዚያው አዋጅ ውስጥ አንድ ብዙ ሰው ያላነበበው ነገር አለ፦ ተናጋሪው የንግግሩን እውነትነት ለማረጋገጥ እንደ ሁኔታው ተገቢውን ጥረት ካደረገ፣ ንግግሩ እንደ ሐሰተኛ መረጃ አይቆጠርም። ጥረት ማድረጋችሁን የሚያሳየው ያ ደብተር ነው። ስለዚህ በስማችሁ ባልሆነ ቦታ፣ የምንጮቻችሁን ስም በምልክት እየቀየራችሁ፣ አስቀምጡት። ስልክ ላይ ከሆነ በይለፍ ቃል ዝጉት። ምስጢር ጠብቁልኝ ያላችሁ ሰው ቁጥር እዚያ ውስጥ በስሙ ተመዝግቦ አይገኝ።